የፓይተን ፋንክሽኖች፦ የቫሪያብል ስኮፕ እና ሪተርን

ፋንክሽን ስም የተሰጠው፣ በተፈለገ ቁጥር የሚጠራ የኮድ ክፍል ነው። በፓይተን የፕሮግራም ቋንቋ «ዴፍ» ብሎ ይጀምራል። ጀማሪዎች አጻጻፉን ቶሎ ይይዙታል። የሚያስቸግራቸው ውስጥ የተሠራው ነገር እንዴት ወደ ውጭ እንደሚወጣ ነው።

የሚወጣው በ«ሪተርን» ነው። ብዙ ሰው ግን ስክሪን ላይ ከሚያሳየው «ፕሪንት» ጋር ያምታታዋል። ቫት_ጨምር የሚባል ፋንክሽን እንውሰድ። (ፓይተን 3 ለስያሜ የግዕዝ ፊደል ይቀበላል፤ ዴፍና ሪተርን ግን በእንግሊዝኛ ነው የሚጻፉት።) ዋጋ ተቀብሎ፣ 15 በመቶ ጨምሮ፣ ውጤቱን ፕሪንት ያደርጋል። 200 ስንሰጠው ስክሪኑ ላይ 230.0 ይመጣል። ሁሉም ሰላም ይመስላል። ድምር = ቫት_ጨምር(200) ብለን የማድረሻ 50 ብር ልንደምርበት ስንል ግን ታይፕ ኤረር (የእሴት ዓይነት ስህተት) ይመጣል። ድምር የያዘው 230 ሳይሆን «ነን» ነው፣ ማለትም ባዶ። ፕሪንት ለሰው ዓይን ያሳያል እንጂ ለቀሪው ኮድ ምንም አያቀብልም። ሪተርን ያልተጻፈበት ፋንክሽን ደግሞ ሁሌም ነን ይመልሳል።

ስኮፕ አንድ ስም እስከ የት እንደሚታወቅ የሚወስን ሕግ ነው። ፋንክሽን ውስጥ የተፈጠረ ቫሪያብል (እሴት የሚይዝ ስም) ሎካል ነው፣ ማለትም የዚያ ፋንክሽን ብቻ፤ ከውጭ ብንጠራው አይገኝም። ኢፍ (ቅድመ ሁኔታ) እና ፎር (ድግግሞሽ) የራሳቸው ስኮፕ የላቸውም። ከጃቫ ቋንቋ የመጣ ሰው እዚህ ላይ ይገረማል።

ተንኮሉ ያለው እሴት ስንሰጥ ነው። ከፋንክሽኑ ውጭ ሂሳብ = 100 አለ እንበል። ውስጥ ሆኖ ማንበብ ይቻላል። ሂሳብ = ሂሳብ + 50 ስንል ግን «አንባውንድ ሎካል ኤረር» ይለናል። ፓይተን ፋንክሽኑን ከማስኬዱ በፊት ሙሉውን ያየዋል። የትኛውም መስመር ላይ እሴት የሚሰጠው ስም ካገኘ፣ ከመጀመሪያው መስመር ጀምሮ ሎካል ነው ብሎ ይወስናል። ስለዚህ የውጩን 100 ዞር ብሎም አያይ፤ የውስጡ ደግሞ ገና ምንም አልያዘም።

ፋንክሽኑ ውስጥ «ግሎባል ሂሳብ» (የውጩን ሂሳብ ተጠቀም) ብሎ መጻፍ ኤረሩን ያጠፋዋል። ለጀማሪ ግን አልመክረውም፤ ኮዱ ሲረዝም ሂሳብን የቱ ፋንክሽን እንደቀየረው መፈለግ ጣጣ ነው። እሴቱን በፓራሜትር (ፋንክሽኑ በቅንፍ ውስጥ በሚቀበልበት ስም) አስገብቶ አዲሱን በሪተርን መቀበል ይሻላል፦ ሂሳብ = ገቢ_አድርግ(ሂሳብ, 50)።

ሊስት (የእሴቶች ዝርዝር) ሲሆን ነገሩ ይለያል። አፔንድ (መጨረሻው ላይ መጨመሪያው) ይዘቱን እንጂ ስሙን ስለማይነካ፣ ያለ ግሎባልም የውጩን ሊስት ይቀይረዋል። ሶርትም (በቅደም ተከተል መደርደሪያው) ሊስቱን እዚያው አስተካክሎ ነን ይመልሳል። ስሞች = ስሞች.ሶርት() ብሎ የጻፈ ሰው እጁ ላይ የሚቀረው ነን ብቻ ነው።