ጣናን ፎቶ ማንሳት ለሚጀምሩ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶችና እውነታው

ቅዳሜ ጧት ጣና ዳር ስልካቸውን ይዘው ከሚመጡ ወጣቶች ጋር ብዙ ጊዜ እንገናኛለን። ተፈጥሮን ፎቶ ማንሳት መማር ይፈልጋሉ። ወዲያው ግን ከሰው የሰሙትን ይነግሩኛል፤ አብዛኛው ወደ ኋላ የሚጎትት ነው። ደጋግሜ የሰማኋቸውን እዚህ ላንሳ።

«ካሜራ ሳልገዛ ምን ብዬ እጀምራለሁ?»

ስንቱን ሰው ሳይጀምር ያስቀረው ይሄ ነው። ብዙዎቹ የዛሬ ስልኮች 12 ሜጋፒክስል ወይም ከዚያ በላይ ናቸው። 12 ሜጋፒክስል ፎቶ በጥሩ ጥራት ሲታተም 34 በ25 ሳንቲሜትር ገደማ ይወጣዋል። ለሳሎን ግድግዳ ይበቃል። ስልክ የሚቸገረው ሩቅ ያለ ወፍ ላይና ጨለማ ውስጥ ነው። በጣታችሁ ዙም ስታደርጉ፣ ለርቀት የተሠራ ሌንስ ከሌለው፣ ምስሉን ቆርጦ ያሰፋዋል እንጂ አያቀርበውም። ስለዚህ በእግራችሁ ቅረቡ። ሌንሱንም ጥረጉት። የጣት ቅባት ያለበት ሌንስ ፀሐይ ፊት ለፊት ስትመጣ ፎቶውን ጭጋግ ያለብሰዋል።

«ፀሐይ ቦግ ስትል ነው ፎቶ የሚያምረው»

ቀትር ላይ ባሕር ዳር ፀሐይ አናት ላይ ናት። በሚያዝያና በነሐሴ እንዲያውም የሰው ጥላ ከእግሩ ሥር የሚገባባቸው ቀናት አሉ። በዚያ ሰዓት ውኃው ዓይን ይወጋል፣ የሰው ዓይን ሥር ይጠቁራል፣ ዛፉም ጠፍጣፋ ሆኖ ይወጣል።

ጧትና ማታ ግን ብርሃኑ ከጎን ይመጣል። ከተማዋ በሐይቁ ደቡባዊ ዳር ስላለች ወደ ውኃው ስትዞሩ ፊታችሁ ወደ ሰሜን ነው። ጧት ፀሐይ በቀኛችሁ፣ ማታ በግራችሁ ትሆናለች። ይህን ማወቅ ብቻ የት መቆም እንዳለባችሁ ይነግራችኋል።

ባለፈው ኅዳር ከጧቱ 12፡40 ገደማ ዳር ላይ ከተሳበ አንድ የደንገል ታንኳ አጠገብ ተንበርክኬ ነበር። ደንገሉ ገና እርጥብ ነው። ብርሃኑ ዝቅ ብሎ ሲመጣ ሦስት ማዕዘን ያለው እያንዳንዱ የደንገል አገዳ ለብቻው ጎልቶ ወጣ። አንዱ ጠርዙ ያበራል፣ ሌላው ጥላ ነው። ማሰሪያው ላይ የውኃ ጠብታ ተደርድሯል። 4 ሰዓት ላይ ተመልሼ ሳየው ያው ታንኳ ቡናማ ክምር ብቻ ሆኗል። እኛ አገር ፀሐይ ቶሎ ከፍ ትላለች፤ ከ12 ሰዓት በፊት እዚያ ድረሱ።

«ጢስ ዓባይ መቼም ቢሄዱበት ያው ነው»

አይደለም። ከባሕር ዳር 30 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዛችሁ ግንቦት ላይ ብትደርሱ ልባችሁ ስብር ሊል ይችላል። በበጋ ወንዙ ይቀንሳል፤ ውኃው ለኃይል ማመንጫም ይጠለፋል። ሰፊው ገደል ባዶውን ቀርቶ ቀጭን ጅረት ብቻ ሊጠብቃችሁ ይችላል። ሞልቶ የሚታየው ነሐሴና መስከረም ላይ ነው። ያኔ ውኃው አፈር ተሸክሞ ቡናማ ይሆናል፤ ቡናማነቱን በኤዲቲንግ አታጥፉት፣ የክረምት ዓባይ መልኩ ያ ነው።

ፏፏቴ ሁሉ እንደ ሐር ካልለሰለሰ ጥበብ የለውም የሚሉም አሉ። ለማለስለስ ካሜራውን ትሪፖድ (ባለ ሦስት እግር ማስቀመጫ) ላይ አድርጎ ሹተሩን፣ ማለትም ብርሃን የሚያስገባውን የካሜራ መዝጊያ፣ ግማሽ ሰከንድ ያህል ክፍት መተው ነው። ትሪፖድ ከሌለ ሽንብራ የሞላችሁበት የጨርቅ ከረጢት ድንጋይ ላይ አስቀምጡና ካሜራውን በላዩ አሳርፉ። ለቀጭኑ የበጋ ውኃ ይሄ ያምርለታል። የመስከረሙን ግን እኔ በ1/1000 ሰከንድ ነው የማነሳው። ያ ውኃ ጉልበት አለው፤ ሲለሰልስ ጉልበቱ ይጠፋል። ደረቅ ጨርቅ አትርሱ፣ ጢሱ ሌንሱን ያረጥበዋል።

«ኤዲት ማድረግ ማጭበርበር ነው»

ስልካችሁ እናንተ ሳትነኩት ራሱ ቀለምና ብርሃን አስተካክሎ ነው የሚሰጣችሁ። የጠመመውን አድማስ ማቃናት፣ የጠቆረውን ትንሽ ማብራት ምንም ነውር የለውም። ጣና ላይ ማዶው በማይታይበት በኩል አድማሱ የባሕር ያህል ቀጥ ያለ ነው፤ ትንሽ ሲያዘነብል ውኃው የሚፈስ ይመስላል። ያልነበረ ወፍ መጨመር ግን ሌላ ነገር ነው።

«ወፍ ለማንሳት እየተከተሉ መጠጋት ነው»

ስትከተሉት ጀርባውን ብቻ ታነሳላችሁ። ፔሊካኖች፣ እነዚያ ትልልቅ ምንቃር ያላቸው የውኃ ወፎች፣ ዓሣ በሚጸዳበት አካባቢ ይሰበሰባሉ። እዚያ ቁጭ በሉ፣ ካሜራውን ወደ ውኃው ዝቅ አድርጉ፣ ጠብቁ። ለምደዋችሁ ራሳቸው ይመጣሉ። አብዛኛውን ጊዜ የሚነሱት ነፋሱን ፊት ለፊት ይዘው ስለሆነ፣ ነፋሱ ከጀርባችሁ ከሆነ ክንፋቸውን ዘርግተው ወደ እናንተ ይመጣሉ። ጎጆ ካያችሁ ግን ራቁ።

«ዓሣ አስጋሪው የመልክዓ ምድሩ አካል ነው፣ መጠየቅ አያስፈልግም»

ይሄ ከሁሉም በላይ ያሳዝነኛል። ሰውየው ሥራ ላይ ነው። «አባባ፣ ፎቶ ላንሳዎት?» ማለት ምን ይከብዳል? እምቢ ካሉ አመስግኖ ማለፍ ነው። ከፈቀዱ ፎቶውን አሳዩአቸው፤ ከቻላችሁ አሳትማችሁ ውሰዱላቸው።

አንድ አባት ታንኳቸው ላይ ሆነው ያነሳኋቸውን ፎቶ አሳትሜ ወሰድኩላቸው። ተቀብለው ዓይናቸውን ጠበብ አድርገው አዩት። ፊታቸውን አልፈው ታንኳውን ነበር የሚያዩት። በጣታቸው የፎቶውን ጥግ ነካ አደረጉና «ይቺ ማሰሪያ ያኔ ላልታ ነበር» አሉኝ።