ፓርሜዛን የተነሰነሰበት «የቬጂቴሪያን ፓስታ» የሚባል ነገር

ሙያዬ ምግብ ማብሰል ነው። የምግብ ዝርዝር ላይ አረንጓዴ ቅጠል ተስሎበት «ለቬጂቴሪያን» (ሥጋም ሆነ ከታረደ እንስሳ የመጣ ነገር ለማይበላ ሰው) የተባለ ፓስታ፣ ከላዩ ፓርሜዛን የተባለው የጣሊያን ጠንካራ ቺዝ ተነስንሶበት ሲወጣ ሳይ ደሜ ይፈላል። ስናገር ደግሞ መልሱ ሁሌ አንድ ነው፦ «ቺዝ እኮ ወተት ነው፤ ምን ታካብዳለህ?» እንግዲያው አንዴ ልጻፈውና ልገላገል።

«ቺዝ ወተት ብቻ ነው»

አይደለም። ወተቱ ቺዝ ለመሆን መጀመሪያ መርጋት አለበት። አብዛኛውን ቺዝ የሚያረጋው ሬኔት ነው። ባህላዊው ሬኔት የሚገኘው ጡት ካልጣለ ጥጃ፣ ወይም ከበግና ከፍየል ግልገል አራተኛው የጨጓራ ክፍል ነው። ጨጓራው ይደርቃል፣ ይቆራረጣል፣ ከዚያ ጨው ባለበት ውሃ ወይም በአጓት ይዘፈዘፋል። በውስጡ ያለው ካይሞሲን የተባለ ኢንዛይም ወደ ውሃው ይወጣል። ኢንዛይሙ እዚያ የተቀመጠው ጥጃው የጠባውን ወተት ሆዱ ውስጥ እንዲያረጋለት ነው። እሱን ለማውጣት ጥጃው መታረድ አለበት፤ ሌላ መንገድ የለውም።

«መጠኑ ኢምንት ነው»

እውነት ነው፣ አንድ ሊትር ሬኔት 10,000 ሊትር ገደማ ወተት ያረጋል። ቬጂቴሪያኑ ግን ስንት ጠብታ ገባ ብሎ አልጠየቀም። የጠየቀው ከታረደ እንስሳ የመጣ ነገር አለበት ወይ ብሎ ነው።

«ፓርሜዛንማ ምንም የለውም»

እዚህ ጋ ትንሽ ታገሱኝ።

ዋናው የጣሊያኑ ፓርሜዛን፣ በሙሉ ስሙ ፓርሚጃኖ ሬጃኖ፣ የሚሠራው በሦስት ነገር ነው፦ ወተት፣ ጨውና የጥጃ ሬኔት። ይህ የአንድ ባለሙያ ምርጫ ሳይሆን ሕግ ነው። ስሙ ከ1996 ጀምሮ በአውሮፓ ኅብረት የተጠበቀ ነው፤ በዚህ ስም ለመሸጥ የአሠራር ደንቡን መከተል ግድ ነው፣ ደንቡ ደግሞ የጥጃ ሬኔት ይላል። ስለዚህ «የቬጂቴሪያን ፓርሚጃኖ ሬጃኖ» አለኝ የሚላችሁ ሰው ወይ አያውቅም፣ ወይ እየዋሸ ነው።

ነገሩን የሚያወሳስበው «ፓርሜዛን» የሚለው አጭሩ ስም ነው። በአውሮፓ ኅብረት ውስጥ ይህም ስም የዚያው ቺዝ ነው፤ በ2008 ፍርድ ቤት ድረስ ሄዶ ተወስኖበታል። አሜሪካ ውስጥ ግን ማንም ፋብሪካ ጠንካራ ቺዝ ሠርቶ ፓርሜዛን ሊለው ይችላል፤ ሬኔቱም ከእንስሳ ያልመጣ ሊሆን ይችላል። በአንዱ አገር ፓርሜዛን የሚበላ ቬጂቴሪያን ሌላ አገር ሄዶ በዚያው ስም ይሸወዳል ማለት ነው።

አንድ የሥራ ባልደረባዬ በዚህ ጉዳይ ሽንጡን ገትሮ ተከራከረኝ። ማሸጊያውን ከማቀዝቀዣ አውጥቼ አስነበብኩት። ወተት፣ ጨው፣ ሬኔት። «ሬኔት ቅመም መስሎኝ» አለ! ይህ ሰው ለስንት ቬጂቴሪያን አብስሏል። በሚቀጥለው ሳምንት «መፍትሔ አገኘሁ» ብሎ ፔኮሪኖ ሮማኖ የተባለ ሌላ የጣሊያን ቺዝ ይዞ መጣ። ከድጡ ወደ ማጡ። እሱ የሚረጋው በበግ ግልገል ሬኔት ነው። ግራና ፓዳኖ የተባለው ቺዝም ያው የጥጃ ነው፣ አንዳንዴ ከእንቁላል የሚወጣ ላይሶዛይም የተባለ ኢንዛይም ይጨመርበታል። የስዊዙ ግሩየርና ጎርጎንዞላም ከዚሁ ወገን ናቸው። ፔስቶ (ከበሶብላ የሚሠራውን የፓስታ ማባያ) የምትወዱ ደግሞ ልብ በሉ። አረንጓዴ ስለሆነ ማንም አይጠረጥረውም፤ ውስጡ ግን ብዙውን ጊዜ ከእነዚሁ ቺዞች አንዱ አለ።

ፓርሜዛን የሚመስል ከፈለጋችሁ ስሙን ተዉትና «የጣሊያን ዓይነት ጠንካራ ቺዝ» ከተባሉት መካከል ለቬጂቴሪያን ይሆናል ተብሎ የተጻፈበትን ፈልጉ። ፓስታ ላይ ሲነሰነስ ልዩነቱን የሚያውቅ ሰው ብዙም አላጋጠመኝም።

«እንግዲያው ሬኔት ያለበት ሁሉ ቀረ»

ኧረ በጭራሽ። በ1990 አሜሪካ ውስጥ የጥጃው ዘረመል በገባባቸው ረቂቅ ተሕዋስያን የሚመረት ካይሞሲን ተፈቀደ። ዛሬ እዚያ አገር አብዛኛው ቺዝ የሚረጋው በዚህ ዓይነቱ ነው። ከሻጋታ የሚገኝ ሬኔትም አለ፤ ለረጅም ጊዜ በሚቆይ ቺዝ ላይ ትንሽ መረር ሊል ይችላል እንጂ ይሠራል። የፖርቱጋሉ ሴራ ዳ ኢሽትሬላና የስፔኑ ቶርታ ዴል ካሳር ደግሞ በደንባቸው መሠረት የሚረጉት የአርቲቾክ ዘመድ በሆነ እሾሃማ ተክል አበባ ነው።

«ለስላሳ ከሆነ ይበላል»

ከለስላሳ ለስላሳ ይለያያል። ፓኒርና ማስካርፖኔ በአሲድ ስለሚረጉ ብዙውን ጊዜ አያሳስቡም። ካማምቤር ዴ ኖርማንዲ ለስላሳ ነው፣ ግን የእንስሳ ሬኔት አለበት። ሪኮታ ከአጓት ይሠራል፤ አጓቱ የየትኛው ቺዝ እንደነበር መጠየቅ ያስፈልጋል። ቅባት የተቀነሰባቸው አንዳንድ ክሬም ቺዞች ውስጥ ደግሞ ከእንስሳ ቆዳና አጥንት የሚወጣው ጄላቲን ይገባል።

«ኦርጋኒክ ነው»፣ «ኮሸር ነው»፣ «የፍየል ነው»

ሦስቱም (ኮሸር ማለት በአይሁድ የምግብ ሕግ የተፈቀደ ማለት ነው) ሬኔቱ ከእንስሳ አለመሆኑን አያረጋግጡላችሁም። እንዲያውም የአውሮፓ ኦርጋኒክ ደንብ ዘረመላቸው በተቀየረ ረቂቅ ተሕዋስያን የተመረተውን ካይሞሲን ስለሚከለክል፣ ኦርጋኒኩ የጥጃ ሬኔት ይዞ ሊገኝ ይችላል።

«ማሸጊያው ላይ አልተጻፈም፣ ስለዚህ የለም»

በአውሮፓ ኅብረት ከወተት፣ ከባክቴሪያ፣ ከኢንዛይምና ከጨው በቀር ምንም ያልገባበት፣ ተቀምጦ የቆየ ቺዝ ማሸጊያ ላይ ዝርዝር መጻፍ ግዴታ አይደለም። አሜሪካ ውስጥ «ኢንዛይም» ብሎ ማለፍ ይቻላል፤ ከጥጃ ይሁን ከሻጋታ አይነገራችሁም። «ማይክሮቢያል ሬኔት» (ከሻጋታና ከመሳሰሉት ረቂቅ ተሕዋስያን የተገኘ) ወይም «ለቬጂቴሪያን ተስማሚ» የሚል ካያችሁ ግዙ።

ካላያችሁ አምራቹን ጠይቁ። ጥያቄው ግን «ለቬጂቴሪያን ይሆናል?» አይሁን፤ ለዚህማ ሁሉም «አዎ» ይላል። «ሬኔቱ ከምንድን ነው የተሠራው?» በሉ። የሚያውቅ ሰው በአንድ ቃል ይመልስላችኋል። «ተፈጥሯዊ ነው» ካላችሁ ግን ቺዙን መልሳችሁ አስቀምጡት፤ የጥጃ ጨጓራም ተፈጥሯዊ ነው።