ጥምቀት ምንድን ነው? ላመነ ሰውስ የግድ ያስፈልገዋልን?

በጣና ዳር ለምንኖር ሰዎች ጥምቀት የሚለው ቃል ሦስት ነገሮችን በአንድ ስም ይጠራል። ጥር 10 ቀን በከተራ ታቦታቱ ከየመንበራቸው ወጥተው ወደ ጥምቀተ ባሕር ሲወርዱ፣ በማግስቱ ጥር 11 ደግሞ የተባረከው ውኃ በምእመናን ላይ ሲረጭ የምናከብረው በዓል ጥምቀት ነው። ለፈውስ ጠበል የገባ ሕመምተኛም «ተጠመቅሁ» ይላል። ወንድ ልጅ በ40፣ ሴት ልጅ በ80 ቀን ክርስትና ሲነሡ የሚፈጸመውም ጥምቀት ነው። ለአማኝ ያስፈልጋል ወይስ አያስፈልግም የሚያሰኘው ይህ ሦስተኛው ብቻ ነው። እዚህ ባሕር ዳር አንድ ጎረቤቴ በበዓሉ ውኃው ስለሚደርሰው በየዓመቱ እንደሚጠመቅ በሙሉ ልቡ ሲናገር ሰምቻለሁ። በዓሉ ግን ጌታ በዮርዳኖስ በዮሐንስ እጅ መጠመቁን የምናስብበትና በረከት የምንቀበልበት እንጂ እንደ አዲስ የምንወለድበት አይደለም። በጸሎተ ሃይማኖት «ኃጢአትን በምታስተሰርይ በአንዲት ጥምቀት እናምናለን» ስንል፣ አንዲት የምትለዋን ቃል ልብ ማለት ይገባናል።

ጠመቀ በግእዝ ነከረ፣ በውኃ ውስጥ አጠለቀ ማለት ነው። ጌሾና ብቅሉ በጋን ውኃ ውስጥ ከርሞ ጠላ ሲሆን ተጠመቀ እንላለን፤ የተነከረው ነገር እንደ ነበረ ሆኖ እንደማይወጣ ቋንቋችን ራሱ ያውቀዋል። ሐዋርያው ጳውሎስ በሮሜ መልእክቱ ምዕራፍ 6 ነገሩን የበለጠ አጥብቆ፣ ጥምቀት ከክርስቶስ ጋር መቀበር ነው ይላል። ወደ ውኃው መውረድ መቃብር፣ ከውኃው መውጣት ትንሣኤ ነው።

ሥርዓቱን በቅርብ ያየ ሰው ይህንኑ በዓይኑ ያየዋል። ክርስትና አባቱ ሕፃኑን ታቅፎ፣ ፊቱን ወደ ምዕራብ አዙሮ በሕፃኑ ፈንታ ሰይጣንን ይክዳል፤ ወደ ምሥራቅ ተመልሶም በአብ፣ በወልድ፣ በመንፈስ ቅዱስ ማመኑን ይመሰክራል። ካህኑ ሕፃኑን ራቁቱን ተቀብሎ በተባረከው ውኃ ሦስት ጊዜ ያጠልቀዋል። በመጀመሪያው ሕፃኑ ትንፋሹ ቁርጥ ይላል፤ በሁለተኛው ትንንሽ እጆቹን ዘርግቶ የሚይዘው ይፈልጋል፤ በሦስተኛው ለቅሶው ክርስትና ቤቱን ይሞላዋል። ከዚያ ቅብዐ ሜሮን ይቀባል፣ ማተብ ይታሰርለታል፣ ነጭ ልብስ ለብሶም በዚያው ዕለት ቅዱስ ቁርባን ይቀበላል። የ40 እና የ80 ቀኑ ሥርዓት አዳም በ40፣ ሔዋን በ80 ቀን ወደ ገነት መግባታቸውን ከሚናገረው ከመጽሐፈ ኩፋሌ ጋር ይያያዛል፤ ሕፃኑ አዳም ወዳጣው ስፍራ ይመለሳል ማለት ነው።

እንግዲህ የግድ ነውን? የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን መልስ አዎን ነው፤ መሠረቱም ጌታ ለኒቆዲሞስ «ሰው ከውኃና ከመንፈስ ካልተወለደ በቀር ወደ እግዚአብሔር መንግሥት ሊገባ አይችልም» ማለቱ ነው። በዚህ ላይ የሚነሣው ተቃውሞ ማመን ብቻውን ይበቃል፣ ውኃው ምልክት ነው የሚል ነው። ለዚህ ከሁሉ የሚበልጥ መልስ ሆኖ የማገኘው የሮማዊውን መቶ አለቃ የቆርኔሌዎስን ታሪክ ነው። በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 10 ጴጥሮስ ገና ሲናገር መንፈስ ቅዱስ በቆርኔሌዎስና በቤቱ በተሰበሰቡት ላይ ወረደ። ውኃ ትርፍ ነገር ቢሆን ኖሮ ትርፍነቱ የሚታየው እዚያ ቤት ነበር፤ ከመንፈስ ቅዱስ በላይ ምን ይጠበቃል? ጴጥሮስ ግን መንፈስ ቅዱስን መቀበላቸውን ራሱን ምክንያት አድርጎ እንዲጠመቁ አዘዘ። የእኛው ጃንደረባም፣ የኢትዮጵያ ንግሥት የህንደኬ ባለሟል፣ በጋዛ መንገድ ከፊልጶስ ወንጌልን በሰማ ጊዜ አገሬ ስደርስ እጠመቃለሁ አላለም። ውኃ ባየበት ስፍራ ሠረገላውን አስቁሞ ወረደ።

በወንጌላውያን አብያተ ክርስቲያናት ዘንድ ያለውን ልዩነት በትክክል ማስቀመጥ ተገቢ ነው። ቃለ ሕይወትና ሙሉ ወንጌል የመሳሰሉት ሰው አስቀድሞ ራሱ አምኖ መመስከር አለበት ብለው ሕፃናትን አያጠምቁም፤ ፊልጶስ ለጃንደረባው በፍጹም ልብህ ብታምን ተፈቅዷል ማለቱን ይጠቅሳሉ። ይሁን እንጂ ጥምቀት የክርስቶስ ትእዛዝ መሆኑን አይክዱም። ብዙ ሰው ሁሉንም በአንድ ላይ ይቈጥራቸዋል እንጂ የሉተራን ሥርዓት ያላት መካነ ኢየሱስ ሕፃናትን ታጠምቃለች። ለእኔ የሕፃናት ጥምቀት ከባድ ጥያቄ አይሆንብኝም፤ የፊልጵስዩስ ወኅኒ ጠባቂ በዚያች ሌሊት የተጠመቀው ከቤተ ሰዎቹ ሁሉ ጋር ነውና፤ መወለድንም ፈቅዶ የጀመረ ሰው የለም።

ሳይጠመቅ የሞተ አማኝ ጉዳይ ብዙዎችን ያስጨንቃል። በቀኝ የተሰቀለው ወንበዴ ገነት ገብቷል፤ ሳይጠመቁ ስለ ክርስቶስ የተገደሉ ሰማዕታትም በደማቸው እንደ ተጠመቁ ይቈጠራሉ። እነዚህ ወደ ውኃው መድረስ ያልቻሉ ናቸው። ውኃው አጠገቡ እያለ፣ እየተቻለው የሚያቆየው ሰው ግን በእነርሱ ሊመካኝ አይችልም።

ስለዚህም ሕፃን በጠና ከታመመ ቤተ ክርስቲያን 40ውን ወይም 80ውን ቀን አትጠብቅም። በ9 ቀኑም ይሁን በ12 ቀኑ፣ ትኩሳት የያዘው ልጅ ያላቸው ወላጆች ካህን በሌሊትም ቢሆን ሊጠሩ ይችላሉ፤ ድግሱ፣ ዘመድ ጥሪውና ነጭ ልብሱ ልጁ ሲሻለው ይደርሳሉ።