የአክሽን ፊልም ድብድብ አቀራረጽ፦ የድሮውና የአሁኑ

በፊልም ላይ አንድ ቡጢ የሚያሳምነው ተመልካቹ ማን እንደሰነዘረው፣ የት እንዳረፈና የተመታው ሰው ምን እንደሆነ በግልጽ ሲያይ ነው። የአሁኖቹ አክሽን ፊልሞች በገንዘብም በመሣሪያም ከድሮዎቹ እየበለጡ ብዙ ጊዜ የሚያንሱት ከሦስቱ አንዱን ስለሚደብቁ ነው። እርግጥ ከድሮዎቹም ደካሞቹ ተረስተው ነው ምርጦቹ የቀሩልን።

በድምፅ አልባው ዘመን አሜሪካዊው ኮሜዲያን ባስተር ኪተን በ1928 (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የእውነት የቤት ግድግዳ ሲወድቅበት በመስኮቱ ክፍተት ልክ ቆሞ ተርፏል።

ሙያው የጎለመሰው ግን በ1970ዎቹና በ1980ዎቹ ሆንግ ኮንግ ነው። እነ ጃኪ ቻንና ሳሞ ሃንግ ከልጅነታቸው በፔኪንግ ኦፔራ (አክሮባትና ፍልሚያ ያለበት የቻይና ቲያትር) ትምህርት ቤት ስለሰለጠኑ ድብድቡን ራሳቸው ይሠሩት ነበር፤ ፊታቸውን መደበቅ አያስፈልግም ነበር። ካሜራው ራቅ ብሎ ይተከላል፤ ተፋላሚዎቹ ከራስ እስከ እግር ይታያሉ። ድብድቡ በአንድ ጊዜ አይቀረጽም፤ ጥቂት ምት ያለው ቁራጭ ይጠናና ለእሱ በሚመቸው አንግል ይቀረጻል፣ እስኪሳካ ይደገማል፣ ከዚያ ወደሚቀጥለው ይታለፋል። በሴኮንድ በ24 ፈንታ 22 ፍሬም (ነጠላ ምስል) ተቀርጾ በ24 ከታየ እንቅስቃሴው 9 በመቶ ያህል ይፈጥናል፤ ከዚህ ብዙ ከወረደ ግን ተዋናዩ ያስቃል። ምቱ ሲያርፍ እንዲቦን ልብስ ላይ ዱቄት ይነሰነሳል። ረቂቁ ሥራ ኤዲቲንግ ላይ ነው፦ ምቱ በሰፊው ሾት (ሳይቆረጥ የሚታይ አንድ ቁራጭ) ካረፈ በኋላ ቀረብ ያለው ሾት ሁለት ሦስት ፍሬም ወደኋላ ተመልሶ ይጀምራል። ዓይን አዲሱን አንግል እስኪለምድ ጥቂት ስለሚዘገይ፣ ያለ ድግግሞሹ ምቱ ይጠፋል። ዋጋው ቀላል አልነበረም፤ ቻን በ1980ዎቹ በቀረጻ ላይ ከዛፍ ወድቆ የራስ ቅሉ ተሰብሯል። የኢንሹራንስ ድርጅቶች የእሱን የስታንት ቡድን አንቀበልም ብለው ነበር ይባላል።

ዛሬ የሚበላሸው ከልምምዱ ይጀምራል። ተዋናዩ የሚሰለጥነው ጥቂት ሳምንት ብቻ ከሆነ አደገኛውን ትዕይንት በእሱ ፈንታ የሚሠራው ስታንትማን ይተካዋል፤ ስታንትማኑን ለመደበቅ ካሜራው ይጠጋል፣ ይወዛወዛል፣ በየምቱ ይቆረጣል። በብዙ ካሜራ ቀርጾ «ኤዲተሩ ያስተካክለዋል» ማለትም ልማድ ሆኗል። በ2015 በወጣው ሦስተኛው «ቴክን» ውስጥ አጥር መዝለል ብቻ በስድስት ሴኮንድ ግድም ከደርዘን በላይ ጊዜ ተቆርጧል። ኮምፒውተር ላይ የተሠራ አካል ደግሞ ሲወድቅ ክብደቱ አይታመንም፤ ካሜራውም ሰው ሊደርስበት በማይችልበት ቦታ ሲበር ተመልካቹ አደጋ መኖሩን ይረሳል።

ጥፋቱ የመቆረጡ ብዛት ብቻ ነው ማለት ግን አይቻልም። በዚያው ዓመት የወጣው «ማድ ማክስ፦ ፉሪ ሮድ» በሁለት ሰዓት 2,700 ያህል ሾት አለው፤ ሆኖም መታየት ያለበት ነገር ሁልጊዜ ምስሉ መሀል ስለሚቀመጥ ዓይን አይቅበዘበዝም። ኤዲተሯ ማርጋሬት ሲክስል ኦስካር አግኝታበታለች። ከ2014 ወዲህ «ጆን ዊክ»ን የመሩት ሰዎች ከስታንት ሥራ የመጡ ናቸው፤ ሾቶቹ ረዘም፣ ሰፋ ማለታቸው አያስገርምም። የኦስካር አካዳሚ ለስታንት ዲዛይን ሽልማት የፈቀደው፣ ዘግይቶም ቢሆን፣ በ2025 ነው፤ የሚሰጠውም በ2027 ከሚወጡት ፊልሞች ጀምሮ ነው።