«ዛፍ የቆረጠ ሁሉ ደን አጥፊ ነው» ለምትሉ

ስለ ደን ጠይቆኝ፣ መልሴን ሳይሰማ መልሶ የሚያስተምረኝ ሰው ሰልችቶኛል። ሙያዬ ነው እኮ! ቅዳሜ በጀልባ ጣና ዳር ያለውን የዘጌን ደን አይቶ ይመጣና «እንጨት መቁረጥ ጭራሽ መከልከል አለበት» ይለኛል። ይህን የሚለኝ ደግሞ ባሕር ዳር መሀል ከሚያሠራው ፎቅ ሥር ቆሞ ነው፤ ፎቁ ዙሪያውን የአጣና መወጣጫ ነው።

እሺ፣ አጣናው ከየት መጣ? ከገበሬ ባሕር ዛፍ። ባሕር ዛፍ ደግሞ ስለተቆረጠ አይሞትም። ገበሬው ዝቅ አድርጎ፣ ውሃ እንዳያቁር ሰያፍ አድርጎ፣ ልጡን ሳይገሸልጥ ከቆረጠው ጉቶው ያቆጠቁጣል፤ ከቡቃያው ጠንካራ ጠንካራውን ሁለት ሦስት ይተውና ሌላውን ያነሳል፣ ከጥቂት ዓመት በኋላ እንደገና አጣና ነው። አዊ ዞን፣ ፋግታ ለኮማ ወረዳ ሂዱና ደግሞ ዲከረንሱን፣ ለከሰል የሚተከለውን የግራር ዓይነት፣ እዩ። መጀመሪያ ዓመት ከጤፍ ጋር ይተከላል፣ በአራት አምስት ዓመቱ ይከሰላል፣ መሬቱ ይታረስና እንደገና ይተከላል። እርሻ ነው በቃ። ጥፋቱ ሳይተኩ መቁረጥ ነው፤ ዘር የሚጥለውን ትልቁን ዋንዛ ወይ ጥቁር እንጨት መገንደስ ነው። የተተከለውን ብንከለክል ማገዶ ፈላጊው ወዴት እንደሚዞር ገምቱ። ወደ ተፈጥሮ ደኑ ነዋ!

«ዘጌ ሰው ያልነካው ደን ነው።» ከዛፎቹ ሥር ያለውን አላያችሁም ማለት ነው፣ ቡና ነው። በሬ ጠምዶ ማረስ በልማድ ክልክል ሆኖ፣ ቡናውም ጥላ ስለሚፈልግ ነው ዛፉ የቆመው። ገዳማቱም አሉበት። ሰው እየሠራበት የቆየ ደን ነው።

«ባሕር ዛፍ ደን ነው።» አይደለም፣ የተተከለ እንጨት ነው። ውሃ ይመጥጣልና ምንጭ ዳር ደግሞ አትትከሉት።

«ጎብኚ ደን አይጎዳም።» ይጎዳል። ባለፈው ክረምት ዘጌ ውስጥ ወደ ኡራ ኪዳነ ምሕረት ገዳም በሚወስደው መንገድ አብሬያቸው የሄድኩት ሰዎች ጭቃ ባዩ ቁጥር ዳር ዳሩን ይዞሩ ነበር። ሁሉም እንዲህ ሲያደርግ መንገዱ ይሰፋል፣ አፈሩ ይጠጥራል፣ ዝናቡ መስረጉን ትቶ ቦይ ይሠራል፣ የዛፉ ሥር ይገለጣል። ስማቸውን በቢላ የሚጽፉትማ! ዛፍ ምግቡን የሚያወርደው በልጡ ውስጥ ነው፤ ዙሪያውን የተላጠ ዛፍ ቆሞ ይደርቃል።

ስለዚህ ጭቃውን ርገጡት፣ ጫማ ይታጠባል። ሃይላንዱን ይዛችሁ ተመለሱ። አስጎብኚ ከዘጌ ልጆች ያዙ፣ ቡናም ከእነሱ ግዙ፤ ከቆመው ዛፍ ገንዘብ የሚያገኝ ሰው መጥረቢያ ለማንሳት አይቸኩልም።