ኤኤንአይ ምንድን ነው?

ሁለት ባክቴሪያዎች አንድ ዝርያ ይሁኑ አይሁኑ በማይክሮስኮፕ አይቶ መለየት አይቻልም። ብዙዎቹ ወይ ክብ ናቸው ወይ የዘንግ ቅርጽ አላቸው፣ መልካቸው ያሳስታል። ስለዚህ ዛሬ የሚታየው ጂኖማቸው ነው፤ ሙሉው ዲኤንኤ ማለት ነው። ኤኤንአይ (ANI፣ Average Nucleotide Identity) ደግሞ የሁለት ጂኖሞችን መመሳሰል የሚነግረን ቁጥር ነው።

አሠራሩ አይከብድም። ኮምፒውተሩ ሁለቱን ጂኖሞች ቆራርጦ የሚገጥሙትን ክፍሎች ጎን ለጎን ያስቀምጣል፣ ከዚያ ከመቶው የዲኤንኤ ፊደል ስንቱ አንድ እንደሆነ ይቆጥርና አማካዩን ያወጣል። ከ95 እስከ 96 በመቶ ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ አንድ ዝርያ ናቸው ይባላል። ይህ በጣም ሰፊ መስፈርት ነው፦ የሰውና የቺምፓንዚ ዲኤንኤ በሚገጥመው ክፍል ከ98 በመቶ በላይ ይመሳሰላል፣ በባክቴሪያ ሕግ ብንሄድ አንድ ዝርያ በሆንን ነበር! ደም የቀላቀለ ተቅማጥ የሚያመጣው ሺጌላም በዚህ ልኬት ሲታይ አንጀት ውስጥ የሚኖረው ባክቴሪያ ኢ. ኮላይ ነው። ስሙ ያልተቀየረው ሕክምናው ላይ ግራ መጋባት እንዳይመጣ ነው።

ግን አንድ ነገር ልብ በሉ። ኤኤንአይ የሚቆጥረው ሁለቱም ያላቸውን ክፍል ብቻ ነው፤ አንዱ ኖሮት ሌላው የሌለው ጂን ሂሳቡ ውስጥ አይገባም። ባክቴሪያው ክፉ ቦታ ላይ እንዴት እንደሚኖር የሚናገረው ግን ብዙ ጊዜ ያ ከሂሳቡ የቀረው ጂን ነው። እኔ ጂኖም ማንበብን የምወደው ለዚህ ነው።

ሳሊኒባክተር ሩበርን ውሰዱ። ስፔን ውስጥ ጨው ከሚመረትባቸው ኩሬዎች የተገኘ ቀይ ባክቴሪያ ነው፣ ስም የወጣለት በ2002 እ.ኤ.አ. ነው። እንዲህ ያለ ጨዋማ ውሃ የአብዛኛውን ባክቴሪያ ውሃ መጥጦ ይገድለዋል። እሱ ግን ሰውነቱ ውስጥ ብዙ ፖታሲየም ያከማቻል፣ ስለዚህ ውሃው አያመልጠውም። ያ ሁሉ ጨው ፕሮቲኖቹን እንዳያበላሽ ደግሞ አሲዳማ አሚኖ አሲዶች ሞልተውባቸዋል። ይህ ዘዴ የታወቀው እዚያው ኩሬ ውስጥ በሚኖሩት አርኬያዎች ነው፣ እነሱ ደግሞ ባለ አንድ ሕዋስ ጥቃቅን ፍጥረታት ቢሆኑም ከባክቴሪያ ጋር በዘር እጅግ የተራራቁ ናቸው። ጂኖሙ በ2005 እ.ኤ.አ. ሲታተም አንዳንዶቹ ጂኖች ከነዚያ ጎረቤቶች የተወሰዱ እንደሚመስሉ ታየ። በዘሩ ባክቴሪያ፣ በአኗኗሩ አርኬያ!

የኛው አፋርም የዚህ ሳይንስ ዋና ቦታ ሆኗል። በ2019 እ.ኤ.አ. የወጣ አንድ ጥናት በአሳሌ ሐይቅና በጨው ሜዳው ላይ አርኬያ በብዛት አገኘ፣ ጨውም አሲድም በተደራረበባቸው የዳሎል ኩሬዎች ውስጥ ግን የሚኖር ነገር አላገኘም። እዚያ የታየውን ጥቂት ዲኤንኤ ተመራማሪዎቹ ከሰው ወይም ከውጭ የመጣ ብክለት ነው አሉ። በዚያው ዓመት ሌላ ቡድን ደግሞ እዚያው ዳሎል ላይ በጣም ጥቃቅን ሕዋሳት አግኝቻለሁ አለ።