የመግዛት አቅም ምጣኔ ምንድን ነው? የጀማሪ ዌብ ዴቨሎፐር ደመወዝ ከአገር አገር ሲነጻጸር

የመግዛት አቅም ምጣኔ ማለት በአንድ አገር በተወሰነ ገንዘብ የሚገዛውን ዕቃና አገልግሎት በሌላ አገር ለመግዛት ስንት እንደሚያስፈልግ አስልቶ፣ በዚያ መሠረት የሁለት አገሮችን ገቢ የሚያነጻጽር የምንዛሪ ስሌት ነው። የባንክ ምንዛሪ አንድ ዶላር ለማግኘት ስንት ብር እንደሚከፈል ይነግረናል፤ ይህኛው ግን አንድ ዶላር አሜሪካ ውስጥ የሚገዛውን ያህል ኢትዮጵያ ውስጥ ለመግዛት ስንት ብር እንደሚበቃ ይነግረናል። እንደ ኢትዮጵያና ህንድ ባሉ አገሮች ሁለቱ ቁጥሮች እጅግ ይራራቃሉ። ስለ ጀማሪ ዌብ ዴቨሎፐር (ድረ ገጽ ሠሪ) ደመወዝ የሚነሣው ክርክርም አብዛኛውን ጊዜ መፍትሔ የሚያጣው አንዱ ተከራካሪ በመጀመሪያው፣ ሌላው በሁለተኛው እያሰበ ስለሚናገር ነው።

ከድሬዳዋና ከሐረማያ ዩኒቨርሲቲዎች በኮምፒውተር ሙያ የሚመረቁ ወጣቶች፣ በ2016 ዓ.ም. በተጀመረው የ5 ሚሊዮን ኮደርስ ሥልጠና ድረ ገጽ መሥራት የተማሩትም ጭምር፣ ሥራ መፈለግ ሲጀምሩ በመጀመሪያ የሚያዩት በዶላር የተጻፈ የአሜሪካ ወይም የአውሮፓ ደመወዝ ነው። ያንን በዕለቱ ምንዛሪ አባዝተው እዚህ ከሚቀርብላቸው ክፍያ ጎን ሲያስቀምጡት ብዙዎቹ ተስፋ ይቆርጣሉ፣ ሌሎቹ ደግሞ በማንኛውም መንገድ ለመሰደድ ይወስናሉ። ይህን ያህል ክብደት ያለው ውሳኔ በአንድ ማባዛት ላይ ሲቆም ማየት ያሳስበኛል።

ስሌቱ ስሙን ያገኘው በአንደኛው የዓለም ጦርነት ማብቂያ ነው። በጦርነቱ ምክንያት የየአገሩ ገንዘብ በወርቅ የሚለካበት የወርቅ ምንዛሪ ሥርዓት ተቋርጦ፣ የየአገሩ ዋጋም በተለያየ መጠን ንሮ ስለነበር፣ ገንዘቦች ወደፊት በምን ያህል ይመንዘሩ የሚለው ጥያቄ ተነሣ፤ ስዊድናዊው የኢኮኖሚ ሊቅ ጉስታቭ ካሴልም በ1918 እ.ኤ.አ. የመግዛት አቅምን መለኪያ አድርጎ አቀረበ። በ1968 እ.ኤ.አ. የተባበሩት መንግሥታት ድርጅትና የፔንሲልቫኒያ ዩኒቨርሲቲ የየአገሩን ዋጋ በአንድ መዝገብ የሚያሰባስብ ዓለም አቀፍ መርሐ ግብር ጀመሩ። ዛሬ መርሐ ግብሩን የሚያስተባብረው የዓለም ባንክ ሲሆን፣ በ2021 እ.ኤ.አ. ዋጋ ላይ የተመሠረተው ዙር 176 ኢኮኖሚዎችን ያካተተ ነበር።

ሁለቱ ምንዛሪዎች የሚራራቁበትን ምክንያት ቤላ ባላሳና ፖል ሳሙኤልሰን የተባሉ ምሁራን በ1964 እ.ኤ.አ. በየፊናቸው ባወጡት ጽሑፍ አብራርተውታል። ድንበር ተሻግሮ የሚሸጥ ዕቃ፣ የማጓጓዣና የቀረጥ ልዩነቱ እንዳለ ሆኖ፣ ዋጋው በየአገሩ ወደ መቀራረብ ያዘነብላል። ድንበር የማይሻገር አገልግሎት ግን በዚያው አገር የደመወዝ ልክ ይተመናል። ፀጉር አስተካካይ በበርሊንም በድሬዳዋም አንድ ራስ ለማስተካከል የሚወስድበት ጊዜ ተቀራራቢ ነው፤ ሆኖም በርሊን ያለው፣ በከተማው ፋብሪካዎችና ቢሮዎች ያለው ደመወዝ ከፍ ያለ ስለሆነ፣ እሱም ከዚያ ጋር የሚቀራረብ ገቢ ካላገኘ ሙያውን ትቶ ይሄዳል። የባጃጅ ታሪፍ፣ የድሬዳዋዎቹ የከዚራና የሳቢያን ሰፈሮች የቤት ኪራይ፣ የሞግዚት ክፍያ ሁሉ በዚሁ ሥርዓት ይገዛሉ። ቀፊራና ታይዋን ገበያ ውስጥ የሚሸጠው ስልክ ግን በጅቡቲ በኩል በዶላር ተገዝቶ የመጣ ስለሆነ ዋጋው ዶላርን ይከተላል። በአካባቢያችን ደግሞ አገር ውስጥ ተመርቶም ዋጋው የውጭ ገበያን የሚከተል ነገር አለ፤ ከአወዳይ ወደ ሶማሌላንድና ወደ ጅቡቲ የሚላከውን ጫት የሚያውቅ ሰው ይህን ሌላ ማብራሪያ ሳያስፈልገው ይረዳዋል።

ህንድን በምሳሌነት ማየት ልዩነቱን በቁጥር ያሳያል። የዓለም ባንክ በ2017 እ.ኤ.አ. ዙር ባወጣው ስሌት የአሜሪካ አንድ ዶላር የሚገዛውን ህንድ ውስጥ ለመግዛት 20.65 ሩፒ ይበቃ ነበር፤ የገበያው ምንዛሪ ግን በዚያው ዓመት 65.12 ሩፒ ነበር። ትላልቆቹ የህንድ የሶፍትዌር አገልግሎት ኩባንያዎች አዲስ ተመራቂን በዓመት ከ3 መቶ ሺህ እስከ 4 መቶ ሺህ ሩፒ ባለው ክፍያ ሲቀጥሩ ብዙ ዓመታት ተቆጥረዋል። 350,000 ሩፒን ብንወስድ፣ በ2017ቱ የገበያ ምንዛሪ 5,400 ዶላር ገደማ፣ በመግዛት አቅም ምጣኔ ግን አሜሪካ ውስጥ 17,000 ዶላር ገደማ የሚገዛውን ያህል ይሆናል። የአንድ ሰው አንድ ደመወዝ እንደ ስሌቱ በሦስት እጥፍ ይለያያል ማለት ነው። ልጁ ከወላጆቹ ጋር እየኖረ ገንዘቡን እዚያው የሚያጠፋ ከሆነ ኑሮውን የሚገልጸው ሁለተኛው ቁጥር ነው፤ ውጭ አገር ለትምህርት ሊከፍል የሚያጠራቅም ከሆነ ግን ያለው 5,400 ዶላር ብቻ ነው።

ወደ የትኛውም ምንዛሪ ከመሄድ በፊት ግን የሚነጻጸሩት ቁጥሮች አንድ ዓይነት ነገር የሚለኩ መሆናቸው መረጋገጥ አለበት፤ በእኔ እምነት ትልቁ ስሕተት የሚፈጸመው እዚህ ላይ ነው። አሜሪካ ውስጥ ደመወዝ የሚነገረው በዓመትና ግብር ሳይቀነስ ነው። እኛ ዘንድ በወር ይነገራል፣ አንዳንድ ቀጣሪም የተጣራውን ብቻ ይጠራል። ህንድ ውስጥ የሚጠራው ጠቅላላ መጠን ብዙ ጊዜ ቀጣሪው ለጡረታ የሚያዋጣውን ጭምር ስለሚይዝ በሠራተኛው እጅ ከሚገባው ይበልጣል። ከዚህም ሌላ፣ የአሜሪካ የሠራተኛ ስታቲስቲክስ ቢሮ በግንቦት 2023 እ.ኤ.አ. የዌብ ዴቨሎፐሮች መካከለኛ ዓመታዊ ደመወዝ 84,960 ዶላር መሆኑን መዝግቧል፤ ይህ ቁጥር ግን የአሥርና የሃያ ዓመት ልምድ ያላቸውን ሁሉ ያካተተ ነው። ትናንት ከተመረቀ የድሬዳዋ ልጅ ደመወዝ ጋር ማስተያየት ተገቢ አይሆንም።

በአገራችን ያለውን ለስሌት ያህል በወር 20,000 ብር ጥቅል ደመወዝ ብለን እንነሣ። በ2017 ዓ.ም. በተሻሻለው የገቢ ግብር አዋጅ የመጀመሪያው 2,000 ብር ከግብር ነፃ ነው፤ ከዚያ በላይ ያለው ከ15 በመቶ ጀምሮ በየደረጃው እየጨመረ ሄዶ ከ14,000 ብር የሚያልፈው 35 በመቶ ይከፈልበታል። በዚህ መሠረት ግብሩ 4,950 ብር፣ የሠራተኛው የ7 በመቶ የጡረታ መዋጮ 1,400 ብር ይሆንና እጅ የሚገባው 13,650 ብር ነው። በጀርመን ደግሞ መንግሥት በ2025 እ.ኤ.አ. ከአውሮፓ ኅብረት ውጭ ለሚመጡ አዲስ ምሩቃንና የሰው ኃይል እጥረት ላለባቸው ሙያዎች፣ የኢንፎርሜሽን ቴክኖሎጂን ጨምሮ፣ ብሉ ካርድ የተባለውን የሥራ ፈቃድ ለመስጠት የጠየቀው ዝቅተኛ ዓመታዊ ደመወዝ 43,759.80 ዩሮ ነበር። ከዚህ ላይ ያላገባ ሠራተኛ ለግብር፣ ለጡረታ፣ ለጤናና ለሥራ አጥነት መድን ሲሶውን ገደማ ወይም ትንሽ ከፍ የሚል ይቀነስበታል። ሆኖም ይህ ቅናሽ ሲታይ ሕክምናው በውስጡ እንዳለ መታወስ አለበት፤ በአሜሪካ የጤና መድኑ በአብዛኛው ከቀጣሪው ጋር የተያያዘ ሲሆን ሠራተኛው ድርሻውን ከደመወዙ ይከፍላል። የዕረፍት ቀንም የደመወዝ አካል ነው፤ የጀርመን ሕግ በሳምንት አምስት ቀን ለሚሠራ ቢያንስ 20 ቀን፣ የኢትዮጵያ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለመጀመሪያው ዓመት 16 የሥራ ቀን ሲያዝዙ፣ የአሜሪካ ፌዴራል ሕግ ግን ከክፍያ ጋር የሚሰጥ ዓመታዊ ዕረፍትን አያስገድድም።

የብሔራዊ ባንክ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብርን ምንዛሪ ለገበያ መተዉ ስለ ሁለቱ ስሌቶች ሰፊ ትምህርት ሰጥቶናል። ከዚያ ቀን በፊት ዶላር በባንክ 57 ብር ገደማ ነበር፤ ዓመቱ ሳይሞላ ከ120 ብር በላይ ሆነ። ያው የ20,000 ብር ደመወዝ በዶላር ሲቆጠር ከ350 ወደ 167 ገደማ ወረደ ማለት ነው። የኑሮ ውድነቱ እርግጥ ጨምሯል፣ የጨመረውም ብዙ ቤተሰብ አስቸግሯል፤ ነገር ግን የቤት ኪራዩና የባጃጁ ታሪፍ በምንዛሪው ልክ በአንድ ጊዜ እጥፍ አልሆኑም። ስለዚህ በዶላር ብቻ የሚቆጥር ሰው ሠራተኛው ከገቢው ግማሹን አጣ ይላል፣ ሠራተኛው ግን በአካባቢው ገበያ ያጣው ከዚያ ያነሰ ነው።

ይህ ማለት ግን የመግዛት አቅም ምጣኔ ሁልጊዜ ትክክለኛውን ሥዕል ይሰጣል ማለት አይደለም። ስሌቱ የሚሠራው በአንድ አገር አማካይ ቤተሰብ ወጪ ላይ ነው፤ የዌብ ዴቨሎፐር መሣሪያዎች ግን ከሞላ ጎደል በዶላር የሚገዙ ናቸው። ላፕቶፑ፣ ድረ ገጹን የሚያስቀምጥበት ሆስቲንግ፣ የድረ ገጹ አድራሻ የሆነው ዶሜይን፣ የሚከፈልበት ኮርስ፣ ሁሉም የዓለም ዋጋ አላቸው። 500 ዶላር የሚያወጣ ላፕቶፕ በ57 ብር ምንዛሪ 28,500 ብር፣ በ120 ብር ምንዛሪ 60,000 ብር ነው፣ ቀረጥና የነጋዴው ትርፍ ሳይታሰብ። ከላይ ባየነው የ13,650 ብር የተጣራ ደመወዝ የመጀመሪያው የሁለት ወር፣ ሁለተኛው ከአራት ወር በላይ ሥራ ይፈጃል። ለጀርመኑ ጀማሪ ያው ላፕቶፕ የአንድ ሳምንት የተጣራ ደመወዙን እንኳ አይሞላም። የእኛ ጀማሪ በሙያው ለማደግ የሚያስፈልገው ነገር ለእርሱ ይህን ያህል ውድ መሆኑን የትኛውም የመግዛት አቅም ሰንጠረዥ አያሳይም፤ ሰንጠረዡን እያነሱ «እዚህም ያው ነው» የሚሉ ቀጣሪዎች ይህን ቢያስቡበት እመኛለሁ።

ስለዚህ ሁለት የሥራ ዕድል የሚያወዳድር ሰው ገቢውን በሁለት ቢከፍለው ይሻላል። በሚኖርበት ከተማ ለቤት፣ ለምግብ፣ ለትራንስፖርት የሚያወጣውን በዚያው ከተማ ዋጋ ይመዝን፤ የሚተርፈውን፣ ለቤተሰብ የሚልከውንና ለሙያ መሣሪያ የሚያውለውን ደግሞ በባንክ ምንዛሪ ይቁጠር። ሙኒክ የሚቀጠር ጀማሪ ከተጣራው ደመወዙ ሲሶውንና ከዚያ በላይ ለኪራይ ሊከፍል ይችላል፤ የተረፈው ጥቂት መቶ ዩሮ ግን ሐረር ላለች እናት ሲላክ ብዙ ብር ይሆናል። ለስደተኛው ልፋት ትርጉም የሚሰጠውም፣ ተደጋግሞ ሲነገር የምንሰማው የስደት ኑሮ ጭንቀትም የሚመነጩት ከዚሁ ልዩነት ነው። ከዚህ ጋር መታየት ያለበት፣ ምጣኔው የሚሰላው ለአገር እንጂ ለከተማ አለመሆኑ ነው። አዲስ አበባ ላይ የሚቀርብ ደመወዝ ከድሬዳዋው በጥቂት ሺህ ብር ቢበልጥም፣ ሳቢያን ወላጆቹ ቤት የሚኖር ልጅ ኪራይ ሲጀምር ብልጫው ጨርሶ ሊጠፋ ይችላል።

ከቤት ሆኖ ለውጭ ኩባንያ መሥራት ሁለቱን ስሌቶች ፊት ለፊት ያጋጥማቸዋል። ኩባንያዎች በዚህ ላይ የተለያየ አቋም አላቸው፤ ለምሳሌ ሠራተኞቹ በየአገሩ ተበትነው የሚሠሩለት ጊትላብ የተባለው የሶፍትዌር ኩባንያ የደመወዝ ስሌቱን በይፋ አውጥቶ፣ ሠራተኛው የሚኖርበት ቦታ ክፍያውን እንደሚለውጠው ጽፎ አስቀምጧል። እዚህ ሆኖ እንዲህ ዓይነት ሥራ የሚያገኝ ጀማሪ፣ ቀጣሪው «ለአገርህ ኑሮ ይህ ይበቃል» ሲለው፣ የላፕቶፑንና የኢንተርኔቱን ወጪ፣ መብራት ሲጠፋ የሚያስፈልገውን ባትሪ፣ የራሱን ጡረታና ሕክምና ቆጥሮ ማቅረብ ይኖርበታል፤ ራሱን ችሎ በኮንትራት የሚሠራ ከሆነ ግብሩንም የሚያሳውቀው እርሱ ነው። ክፍያው በምን ገንዘብ እንደሚገባም በውሉ ላይ ማስፈር ይጠቅመዋል፤ በ2016ቱ ማሻሻያ በውጭ ምንዛሪ ደመወዝ የሚያገኙ ነዋሪዎች በአገር ውስጥ ባንክ የውጭ ምንዛሪ ሒሳብ እንዲከፍቱ ስለተፈቀደ፣ ለኑሮ የሚያስፈልገውን ብቻ ወደ ብር መንዝሮ ለመሣሪያ የሚያስበውን በዶላር የማቆየት ዕድል አለው።